ወደ ኢራን የኒውክሌር ስምምነት መመለስ በፕሬዝዳንቱ ውሳኔ ብቻ ይቻላል? የኮንግረስ ገደብ እስከ የት ነው?

ጥያቄው፦ «አሜሪካ በ2018 ከኢራን የኒውክሌር ስምምነት የወጣችው በፕሬዝዳንቱ ውሳኔ ብቻ ነው። ታዲያ መመለስ ሲመጣ ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? ኮንግረስ በሕግ ከልክሏል የሚሉ አሉ፤ ኮንግረስ ከመጮኽ በቀር አቅም የለውም የሚሉም አሉ። ማን ነው ልክ?»

ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። ፕሬዝዳንቱ ወደ ስምምነቱ እንዳይመለስ የሚያግድ ሕግ የለም። ነገር ግን ኢራን የኒውክሌር ፕሮግራሟን ስትገድብ ከስምምነት የምትጠብቀው ጥቅም የማዕቀብ መነሳት ነው፤ ከማዕቀቦቹ ዋና ዋናዎቹ ደግሞ ኮንግረስ ራሱ በሕግ የደነገጋቸው ናቸው። ኮንግረስ የግቢውን በር አልቆለፈም፤ የጎተራውን ቁልፍ ግን ይዟል። ኮንግረስ እንዲህ ያለውን ስምምነት ለመመርመር በ2015 ያወጣው ሕግ ለፕሬዝዳንቱ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ቀኑ ይቆጠር፣ ከዚያ በኋላ ማዕቀቡን ታነሳለህ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት አስፈጻሚው አካል የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። «ማጽደቂያ አዋጅ» ማየት ለለመደ አንባቢ የአሜሪካው ነገር ግራ ቢሆንበት አይፈረድበትም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለዓለም አቀፍ ውል በግልጽ ያስቀመጠው መንገድ አንድ ነው፦ ፕሬዝዳንቱ ይዋዋላል፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ሴኔቱ፣ ከተገኙት አባላት በሁለት ሦስተኛው ድምፅ ይስማማል። መቶውም ሴናተሮች ከተገኙ 67 ድምፅ ማለት ነው። በተግባር ግን ሌሎች መንገዶች በልማድ ጸንተዋል። አንዱ ፕሬዝዳንቱ በራሱ ሥልጣን፣ ወይም ኮንግረስ በሕግ በሰጠው ሥልጣን፣ የሚያደርገው የአስፈጻሚ ስምምነት ነው። ሌላው በሕግ የማያስገድድ፣ መንግሥት ለመንግሥት የሚሰጠው ፖለቲካዊ ቃል ነው።

የኢራኑ ስምምነት የሚመደበው በዚህ በመጨረሻው ነው። ጁላይ 14 ቀን 2015 ቪየና ላይ ኢራን ከአሜሪካ፣ ከብሪታኒያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከሩሲያ፣ ከቻይናና ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ስትስማማ ማንም ሰነዱ ላይ አልፈረመም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያኔ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለነበሩት ለማይክ ፖምፔዮ በጻፈው ደብዳቤ ሰነዱ ውልም፣ የአስፈጻሚ ስምምነትም፣ የተፈረመ ሰነድም እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል። ይህ አመዳደብ ኦባማን ከ67ቱ ድምፅ ገላገላቸው። ትራምፕንም ሜይ 8 ቀን 2018 ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዲወጡ አስቻላቸው። ለመውጣት ፈቃድ ያላስፈለገው ወረቀት ለመመለስም ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እዚህ ድረስ ጥያቄዎ የያዘው አመክንዮ ትክክል ነው። ጣጣው የሚጀምረው ማዕቀቡ ላይ ሲደረስ ነው።

የ2015ቱ ሕግ እንዴት ይሠራል?

ድርድሩ ገና ሳያልቅ ኮንግረስ የኢራንን የኒውክሌር ስምምነት የሚመረምርበትን ሕግ አወጣ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢናራ ይባላል። ሪፐብሊካኑ ቦብ ኮርከርና ዲሞክራቱ ቤን ካርዲን ተደራድረው ያረቀቁት ነው። ሴኔቱ 98 ለ 1፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 400 ለ 25 አሳለፉት። ብቸኛው ተቃዋሚ ሴናተር ቶም ኮተን የተቃወሙት ሕጉ ስለበዛባቸው አልነበረም፤ ስላነሰባቸው ነው፤ ስምምነቱ እንደ ውል ለሴኔት መቅረብ አለበት ባይ ነበሩ። ኦባማ ሜይ 22 ቀን 2015 ፈረሙበትና በ1954ቱ የአቶሚክ ኃይል ሕግ ላይ ክፍል 135 ሆኖ ተጨመረ። የሚያበቃበት ቀን የለውም። «ያ የኦባማ ጊዜ ሕግ ነው» የሚል ክርክር በየቦታው ይሰማል፤ ስሕተት ነው። ሕጉ ለዲሞክራቱም ለሪፐብሊካኑም ፕሬዝዳንት እኩል ይሠራል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከኢራን ጋር ስምምነት ላይ በተደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ፕሬዝዳንቱ ጽሑፉን ከነአባሪዎቹና ከነተያያዥ ሰነዶቹ ለኮንግረስ ይልካል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የቁጥጥሩን ብቃት የሚገመግም ዘገባ አብሮ ያቀርባል። ዘገባው ሲዘጋጅ መነሻ ግምቱ ምን መሆን እንዳለበት እንኳ ሕጉ ይወስናል፦ ኢራን በስምምነቱ በግልጽ ያልተከለከለውን የመደበቂያ ዘዴ ሁሉ ልትጠቀም ትችላለች ተብሎ ይታሰብ ይላል። ከዚያ 30 ቀን ይቆጠራል። በ2015 ቆጠራው ወደ 60 ቀን ከፍ ያለው ሕጉ በዚያ ዓመት ብቻ ከጁላይ 10 እስከ ሴፕቴምበር 7 ለሚላክ ስምምነት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሰጠ ነው፤ በኦገስት የምክር ቤቶቹ አባላት ለእረፍት ይበተናሉና። ቀኑ እስኪሞላ ድረስ ፕሬዝዳንቱ በሕግ የተደነገጉ ማዕቀቦችን ማንሳትም፣ ማገድም፣ ማለዘብም አይችልም።

በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ኮንግረስ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። ስምምነቱን የሚደግፍ ጥምር ውሳኔ ካወጣ መንገዱ ወዲያው ይከፈታል። ምንም ካላደረገ ዝምታው እንደ ይሁንታ ይቆጠርና ቀኑ ሲያልቅ ፕሬዝዳንቱ እጁ ይፈታል። የተቃውሞ ውሳኔ ካሳለፈ ግን እገዳው ለሌላ 12 ቀን ይራዘማል፤ ፕሬዝዳንቱ በቬቶ ከመለሰው ደግሞ 10 ቀን ይጨመራል። 30፣ 12 እና 10 ሲደመሩ 52 ቀን ናቸው። ይህ የመዘግየቱ ጣሪያ ነው። ቬቶው በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተሻረ ፕሬዝዳንቱ በስምምነቱ መሠረት በሕግ የተደነገጉትን ማዕቀቦች ማንሳት አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይነበብ። ይህ የመጨረሻው ሁኔታ እንኳ ቢደርስ ሕጉ «ስምምነቱ ፈርሷል» አይልም። ፕሬዝዳንቱ አሜሪካን ወክሎ የስምምነቱን አፈጻጸም በሚከታተለው የጋራ ኮሚሽን ስብሰባ መቀመጥ፣ ቃሉን ማደስ፣ መደራደር ይችላል። ባዶ እጁን ነው እንጂ።

ክትትሉም በምርመራው አያበቃም። ስምምነት በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ፕሬዝዳንቱ በየ90 ቀኑ ኢራን ቃሏን መጠበቋን ለኮንግረስ ማረጋገጥ አለበት። ካላረጋገጠ፣ ወይም ከባድ ጥሰት ከተገኘ፣ ማዕቀቡን የሚመልስ ረቂቅ ለ60 ቀን በተፋጠነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል። ትራምፕ ኦክቶበር 13 ቀን 2017 «አላረጋግጥም» ሲሉ የተነሣው የ60 ቀን መስኮት ይህ ነው። ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ሳለ መስኮቱ ያለ አንድ ሕግ ተዘጋ። ኮንግረስ መሣሪያ ስላለው ብቻ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም።

ድምፅ ሲቆጠር

ከሁሉ የሚሰወረው ነገር ሒሳቡ ነው። በውል መንገድ ቢሆን 34 ሴናተሮች ብቻ ከተቃወሙ ስምምነቱ ይሞታል። በኢናራ መንገድ ግን 34 ሴናተሮች ብቻ ከደገፉት ይድናል፤ የፕሬዝዳንቱን ቬቶ ለመሻር 67 ያስፈልጋልና። በተወካዮች ምክር ቤትም 435ቱ ሁሉ ድምፅ ከሰጡ 146 ደጋፊ ይበቃል። የማስረዳት ሸክሙ ከደጋፊው ትከሻ ወርዶ ተቃዋሚው ላይ ተጫነ። ኮንግረስ ይህን የመረጠው ወዶ ብቻ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በቻዳ ጉዳይ ኮንግረስ የአስፈጻሚውን ድርጊት ለመሻር ውሳኔው በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ለፕሬዝዳንቱ ፊርማ መቅረብ አለበት ብሎ ስለፈረደ፣ ኮንግረስ በራሱ ድምፅ ብቻ ማስቆም የሚችልበት ሥርዓት ተዘግቷል።

በሴኔት ደግሞ ከዚህ በፊት የሚያቆም ሌላ ደረጃ አለ። ክርክር ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ሴናተሮች ያስፈልጋሉ። ኢናራ ማዕቀብ ለሚመልሰው ረቂቅ የተፋጠነ ሥርዓት ሲያበጅ ለተቃውሞ ውሳኔው ግን ይህን አላደረገለትም። ውጤቱ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2015 ታየ፦ አራት ዲሞክራቶች፣ ሹመር፣ ሜኔንዴዝ፣ ካርዲንና ማንቺን፣ ከሪፐብሊካኖች ጋር ቢሰለፉም ድምፁ 58 ለ 42 ሆኖ ክርክሩ አልተዘጋም። ሁለት ጊዜ ተደግሞም አልተሳካም። ኦባማ ቬቶ ለማድረግ እስክሪብቶ እንኳ አላነሡም። በማግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት የድጋፍ ውሳኔውን 269 ለ 162 ጣለው፤ ግን የድጋፍ ውሳኔ አለመጽደቁ ምንም ሕጋዊ ውጤት አልነበረውም። የምርመራው ጊዜ ሴፕቴምበር 17 አበቃ፤ ስምምነቱ ጃንዋሪ 16 ቀን 2016 ሥራ ላይ ዋለ።

እንግዲህ በሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫው የተቃወመው ስምምነት ሕጋዊውን መንገድ ሳይስት አለፈ። የኢናራ ጥንካሬ በሚያስቆመው ነገር ከተለካ ደካማ ሕግ ነው። በሚያስገልጠው ከተለካ ግን ጠንካራ ነው፤ ሰነዱን ያወጣል፣ ዘገባ ያስጽፋል፣ እያንዳንዱን ሴናተር በስሙ ያስመዘግባል።

መመለስ «አዲስ ስምምነት» ነው?

የጥያቄዎ እምብርት ይህ ነው። በ2015 አንዴ የተመረመረ ስምምነት በ2021 እንደገና ቢገባበት እንደገና ይመረመራል?

«አይመረመርም» የሚለው ክርክር ቀላል ነው። ሰነዱ ያው ነው፤ ምርመራው ተጠናቋል፤ ኮንግረስ ዕድሉ ነበረው፣ አላስቆመም። አንድ ፕሬዝዳንት ወጣ ማለት ስምምነቱ ተፋቀ ማለት አይደለም፤ ሌሎቹ አገሮች ውስጡ ነበሩ፣ ስምምነቱን የደገፈው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2231ም በሥራ ላይ ነበር።

«ይመረመራል» የሚለው ወገን የሚያሳየው የሕጉን ትርጓሜ ነው፤ የሚያመዝነውም የዚህኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ኢናራ ስምምነት ብሎ የሚጠራው ከኢራን የኒውክሌር ፕሮግራም ጋር የተያያዘና አሜሪካ አንድ ነገር ለማድረግ ቃል የምትገባበትን ማንኛውንም ነገር ነው። መልኩ ምንም ይሁን፣ ያስገድድ አያስገድድ፣ ፖለቲካዊ ቃልም ቢሆን። አባሪ፣ የጎን ስምምነት፣ የአፈጻጸም ሰነድ፣ መመሪያ፣ ቴክኒካዊ መግባባት፣ ቀድሞ የተደረገም ወደፊት የሚደረግም ተብሎ ተዘርዝሯል። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ቪየና ላይ የተደረገው ድርድር ደግሞ ማን ምን ቀድሞ ይፈጽማል የሚለውን ቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ አዲስ ጽሑፍ ለማውጣት ነበር። ኢራን ዩራኒየም እስከ 60 በመቶ አበልጽጋ፣ ለማበልጸጊያ የሚያገለግሉ አዳዲስ ሴንትሪፊዩጆች ተክላ ሳለ «በ2015 ወደተወሰነው 3.67 በመቶና 300 ኪሎ ግራም ክምችት ተመለሺ» ለማለት ያለ አዲስ ጽሑፍ አይቻልም። ያ ጽሑፍ የአፈጻጸም ሰነድ ነው፤ ስለዚህ ይላካል።

ከዚህ ትርጓሜ ሊያመልጥ የሚችለው አንድ ዓይነት መመለስ ነው፦ ምንም አዲስ ጽሑፍ ሳይኖር ፕሬዝዳንቱ በማግሥቱ «ተመልሰናል» ብሎ ማዕቀቡን የሚያነሣበት። ባይደን ጃንዋሪ 2021 ላይ ይህን ቢያደርጉ ክርክሩ ጠንካራ በሆነላቸው ነበር። አላደረጉም። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ 33 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ስምምነቱ ለምርመራ ካልቀረበ እንደሚያደናቅፉት በደብዳቤ አስጠነቀቁ። የመንግሥቱ ባለሥልጣናት ለወራት «ሁኔታውን አይተን ሕጉ የሚጠይቀውን እንወስናለን» ሲሉ ቆይተው፣ ልዩ መልእክተኛው ሮበርት ማሊ ሜይ 2022 ላይ በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ፊት ስምምነት ከተደረሰ ለኮንግረስ ምርመራ እንደሚቀርብ ተናገሩ። ስምምነቱ ስላልተደረሰ ነገሩ በተግባር አልተፈተነም።

ሌላ የማምለጫ ቀዳዳ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሰፋው እሱ ነው። ጽሑፍ የሌለው መግባባት ማለቴ ነው። ሴፕቴምበር 2023 አምስት አሜሪካውያን እስረኞች ሲፈቱ በደቡብ ኮሪያ ታግዶ የነበረ 6 ቢሊዮን ዶላር የኢራን ገንዘብ ወደ ኳታር ተዛወረ። በኮንግረስ ያሉ ተቃዋሚዎች «ይህ ከኒውክሌሩ ጋር የተያያዘ ስውር ስምምነት ነው፣ መላክ ነበረበት» አሉ፤ መንግሥት «የእስረኛ ልውውጥ ነው» አለ። ወረቀት በሌለበት ሕጉ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሰነዱ ቢላክም «ተሟልቷል ወይ?» የሚለው ጠብ ይቀራል። በ2015 ኢራን ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ስለ ፓርቺን ወታደራዊ ሥፍራ ያደረገችው የተለየ ስምምነት አልተላከም፤ መንግሥት ሰነዱ የኤጀንሲው ነው፣ እጃችን የለም አለ። የተወካዮች ምክር ቤት 245 ለ 186 «አልተሟላም፣ ስለዚህ ቆጠራው አልተጀመረም» የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ማንም አልሰማውም።

ሕጉ የማይደርስበት፣ ሌላ ሕግ የሚደርስበት

ኢናራ የሚይዘው በሕግ የተደነገገውን ማዕቀብ ነው። ፕሬዝዳንቶች በ1977ቱ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ተጠቅመው በትእዛዝ የጣሉትን ማዕቀብ ግን ፕሬዝዳንት በትእዛዝ ሊያነሣው ይችላል። የዚህ ሥልጣን ስፋት ራሱ የተፈተነው በኢራን ጉዳይ ነው፦ በጃንዋሪ 1981 ታጋቾቹን ያስፈታው የአልጀርስ ስምምነት ለሴኔት ሳይቀርብ ንብረት አስለቀቀ፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የነበሩ ክሶችን አቆመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዳምስና ሙር ጉዳይ አጸናው።

ችግሩ ኢራንን በእውነት የሚያንቃት በትእዛዝ የተጣለው አለመሆኑ ነው። የነዳጅ ገዢዎችንና የማዕከላዊ ባንኩን የውጭ ደንበኞች የሚቀጣው በ2012 የመከላከያ በጀት ሕግ ክፍል 1245 ላይ ያለ ድንጋጌ ነው። የመርከብ፣ የኃይልና የብረታ ብረት ዘርፎችን የሚመታው በቀጣዩ ዓመት የወጣው ነው። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የኢራንን ድፍድፍ በሚቀበሉ ወደቦችና ማጣሪያዎች ላይ ያነጣጠረ ሕግ ተጨመረ። እነዚህን ፕሬዝዳንቱ መሻር አይችልም፤ የሚችለው ዌቨር በሚባለው አሠራር ለጊዜው ማገድ ብቻ ነው። ያውም በቀጠሮ፦ ክፍል 1245 በየ120 ቀኑ፣ ሌሎቹ በየ180 ቀኑ መታደስ አለባቸው። ትራምፕ ሜይ 8ን የመረጡት በዘፈቀደ አልነበረም፤ ቀጣዩ እድሳት ሜይ 12 ላይ ስለሚደርስ ነው። ሲወጡ የሠሩት ዋና ሥራ ማደሱን መተው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እዚህ በትክክል ይሠራል፤ ኩባንያዎቹ ግን ከመብላቱም ይልቅ መቆጨቱን ፈሩ። ቦይንግ ለኢራን አየር መንገድ 80 አውሮፕላን ለመሸጥ የገባው ውል በ2018 ፈቃዱ ተሰርዞ ቀረ፤ የፈረንሳዩ ቶታል የደቡብ ፓርስን ጋዝ ፕሮጀክት ትቶ ወጣ። አራት ወር የሚቆይ እገዳ ላይ ቆሞ የሃያ ዓመት ኢንቨስትመንት የሚያደርግ ባንክ አይገኝም። ማዕቀቡ ለዘለቄታው እንዲሻር የኮንግረስ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስምምነቱ ራሱ በስምንተኛው ዓመት፣ ማለትም በኦክቶበር 2023፣ አሜሪካ ሕጎቹን ለማሻር እንደምትጥር ይላል። «ትጥራለች» እንጂ «ታሽራለች» አይልም፤ ተደራዳሪዎቹ ፕሬዝዳንት ስለ ኮንግረስ ቃል መግባት እንደማይችል ያውቁ ነበርና።

ትራምፕ ከወጡ በኋላ የተተከሉ ሌሎች ቋጠሮዎችም አሉ። ኤፕሪል 2019 አብዮታዊ ዘብ የሚባለው የኢራን ጦር ኃይል በሽብርተኛ ድርጅትነት ተፈረጀ፤ ሴፕቴምበር 2019 ማዕከላዊ ባንኩ በሽብር ድጋፍ ስም እንደገና ማዕቀብ ተጣለበት። መንግሥት እነዚህን በሕግ ረገድ ሊፈታቸው ይችላል። በፖለቲካ ግን ዋጋቸው ከባድ ነው፦ ሜይ 2022 ሴኔቱ ዘቡ ከዝርዝሩ እንዳይወጣ 62 ለ 33 ድምፅ ሰጠ። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም፤ ከ62ቱ ውስጥ የዲሞክራቶች ቁጥር ግን መልእክቱን አደረሰ። ባይደን ዘቡን አላወጡትም።

ኮንግረስ በገንዘብ ቦርሳም ያስራል። በኦክቶበር 1994 ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተደረገው የኒውክሌር ስምምነት ለሴኔት አልቀረበም፤ ነገር ግን አሜሪካ የገባችው ቃል በዓመት 500,000 ቶን ከባድ የማገዶ ዘይት ስለነበር ኮንግረስ በየበጀቱ ቅድመ ሁኔታ እየጨመረ አቅርቦቱን አዘገየው። የኢራኑ ስምምነት ከአሜሪካ ካዝና ብዙ ስለማይጠይቅ ይህ ልጓም እዚያ አልያዘም።

ስለ ፍርድ ቤት ብዙ አልልም። ፕሬዝዳንቱ ሕጉን ቢጥስ የኮንግረስ አባል ከስሶ ያሸንፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። በ1979 በጎልድዎተር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከታይዋን ጋር የነበረው ውል መቋረጡን በሚመለከት በዋናው ጉዳይ ላይ ሳይፈርድ ክሱ እንዲዘጋ አደረገ፤ በ1997 ደግሞ የግለሰብ አባላት የመክሰስ መብት ጠበበ።

ቴህራን ውስጥም ያው ነው

በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ሁሉ ዋሽንግተን ላይ ሲያተኩር የሚረሳው የኢራን ፓርላማ ነው። ኖቬምበር 27 ቀን 2020 የኒውክሌር ሳይንቲስቱ ሞህሴን ፋክሪዛዴህ በተገደሉ በቀናት ውስጥ ፓርላማው የፕሬዝዳንት ሩሃኒን ተቃውሞ አልፎ ሕግ አወጣ። በዓመት ቢያንስ 120 ኪሎ ግራም ዩራኒየም እስከ 20 በመቶ ይበልጸግ፤ ናታንዝ ላይ 1,000 የተሻሻሉ ሴንትሪፊዩጆች ይተከሉ፤ ማዕቀቡ በሁለት ወር ካልተነሣ የኤጀንሲው ተጨማሪ ፍተሻ ይቁም አለ። ሩሃኒ ፌብሩዋሪ 2021 ከኤጀንሲው ጋር የሦስት ወር ጊዜያዊ መግባባት ሲያደርጉ የፓርላማው አባላት ፕሬዝዳንቱ ሕግ ጥሰዋል ብለው ተነሡባቸው። ባይደን ሥልጣን ሲይዙ በሁለቱም በኩል ያሉት አስፈጻሚዎች እጃቸው በየምክር ቤታቸው ሕግ ታስሮ ነበር። ልዩነቱ የአሜሪካው ሕግ የሚያዘገይ፣ የኢራኑ ደግሞ የሚያስገድድ መሆኑ ነው። እንደ እኔ ለድርድሩ የከበደው የኢራኑ ነው፤ ሰዓት ቆጣሪው በእያንዳንዱ ቀን ዩራኒየም ይጨምር ነበርና። ጁን 2025 ላይም ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን ከተደበደቡ በኋላ ፓርላማው ከኤጀንሲው ጋር ያለው ትብብር እንዲታገድ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዝዳንት ፔዜሽኪያን ጁላይ 2 ሥራ ላይ አዋሉት።

አሁን «መመለስ» ሲባል

ኦገስት 28 ቀን 2025 ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ጀርመን የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ የሚመለስበትን አሠራር አስነሡ፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ የቀድሞዎቹ ውሳኔዎች ተመለሱ። የ2015ቱ ስምምነት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ኦክቶበር 18 ቀን 2025 ነበር። ስለዚህ «ሰነዱ ያው ነው፣ አንዴ ተመርምሯል» የሚለው ክርክር መቆሚያ አጥቷል። ከእንግዲህ የሚደረገው ማንኛውም ነገር አዲስ ስምምነት ነው፤ የኢናራ 5 ቀንና 30 ቀን ይመለከተዋል። ሊንድሲ ግራሃምን የመሰሉ ሴናተሮች ከዚህም አልፈው በውል መልክ ለ67 ድምፅ ይቅረብ ይላሉ። ፕሬዝዳንቱ ከፈለገ ይችላል፤ የሚያስገድደው ሕግ ግን የለም። እንደ ውል ከጸደቀ ጥቅሙ ቀጣዩ ፕሬዝዳንት ለመውጣት የሚከፍለው የፖለቲካ ዋጋ ስለሚከብድ ኢራንም፣ ባንኮችም ትንሽ መተማመኛ ማግኘታቸው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ስምምነት ተደረሰ» የሚል ዜና ሲያዩ መጀመሪያ የተጻፈ ነገር መኖሩን ይፈልጉ፤ ከሌለ ጠቡ በዚያ ላይ ይሆናል። ካለ ለኮንግረስ የተላከበትን ቀን ይያዙ፤ ሠላሳው ቀን ከዚያ ይቆጠራል፣ «አባሪው ጎድሏል» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን የቀኑ አቆጣጠር ራሱ ሊያከራክር ነው። ከዚያ በሴኔት ስምምነቱን የሚደግፉት 41 መድረሳቸውን ይቁጠሩ፤ 41 ካሉ ድምፅ አይሰጥም፣ 34 ብቻ ካሉ ድምፅ ተሰጥቶ በቬቶ ይድናል፣ ከ34 ካነሱ ነገሩ አደጋ ላይ ነው። በመጨረሻም የሚነሣው ማዕቀብ በትእዛዝ የተጣለ ነው ወይስ በሕግ የተደነገገ የሚለውን ይመልከቱ፤ በሕግ የተደነገገ ከሆነ «ተነሣ» የሚለውን «ለ120 ወይም ለ180 ቀን ታገደ» ብለው ያንብቡት። ከሕጎቹ አንጋፋው፣ የ1996ቱ የኢራን ማዕቀብ ሕግ፣ ኮንግረስ በ2016 ሲያራዝመው ዲሴምበር 31 ቀን 2026 እንዲያበቃ አድርጎ ነው። እንደገና ለማራዘም የሚሰጠው ድምፅ ስለማንኛውም አዲስ ስምምነት የሴኔቱን አሰላለፍ ቀድሞ ያሳያል።